በአካባቢ ምርጫ ለመመዝገብና ድምፅ ለመስጠት መራጩ ማወቅ የሚገባው

አርሲ ነገሌ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዝዋይ በኩል ወደ ሻሸመኔና ሀዋሳ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የአርሲ ነገሌ ከተማ በኦሮሚያ ክልል ምዕራብ አርሲ ዞን ውስጥ ካሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንዷ ናት። የላንጋኖ፣ የአብጃታና የሻላ ሐይቆች በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። በዙሪያዋ ያሉ አርሶ አደሮች ስንዴና በቆሎ ያመርታሉ። በከተማዋ ደግሞ በርካታ እናቶች አረቄ በማውጣት ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ሌሎች ነዋሪዎች በንግድ፣ በትራንስፖርትና በቀን ሥራ ይተዳደራሉ።

ለእነዚህ ነዋሪዎች የዕለት ኑሮ ቅርብ የሆነው የመንግሥት አካል ቀበሌው፣ ወረዳውና የከተማ አስተዳደሩ ነው። ቦኖ የት ይተከል፣ የትኛው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ቅድሚያ ይሰጠው፣ የገበያው ቦታ እንዴት ይደልደል፣ ለወረዳው የተመደበው በጀት በምን ላይ ይዋል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት በእነዚህ አካላት ነው። በምክር ቤቶቹ ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች የሚመረጡበት ሂደት የአካባቢ ምርጫ ይባላል። አንድ ነዋሪ በሂደቱ ለመሳተፍ አስቀድሞ መመዝገብ ይኖርበታል። ሳይመዘገብ የቀረ ሰው በድምፅ መስጫው ዕለት የቱንም ያህል ፍላጎት ቢኖረው ድምፅ መስጠት አይችልም።

ይህ ጽሑፍ የአካባቢ ምርጫ ምንነትን፣ የመራጮች ምዝገባ የሚከናወንበትን ሁኔታ፣ የድምፅ አሰጣጡን ቅደም ተከተልና ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድ ለአንባቢያን ያብራራል።

የሕግ መሠረቱ

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ምንም ልዩነት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት አለው። ምርጫው ሁሉን አቀፍ፣ በእኩልነት ላይ የተመሠረተና በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ የሚከናወን መሆን እንዳለበትም ይኸው አንቀጽ ያስረዳል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚህ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች መኖር ከዚህ ድንጋጌ ጋር የተያያዘ ነው። በአንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ የሆነ የምርጫ ቦርድ እንደሚቋቋም ተደንግጓል። በዚህ መሠረት ምርጫ የማስፈጸም ኃላፊነት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

ዝርዝሩን የያዘው በ2011 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ሲሆን፣ አዋጁ በ2017 ዓ.ም ማሻሻያ ተደርጎበታል። ቦርዱ አዋጁን ለማስፈጸም መመሪያዎችን ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ምርጫም የጊዜ ሰሌዳ ያዘጋጃል። በዚህ ጽሑፍ የቀረበው አሠራር በአዋጁና በሰኔ 2013 ዓ.ም በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ በሥራ ላይ በዋለው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው። መራጮች ለሚሳተፉበት ምርጫ የተወሰኑትን ቀናትና ዝርዝር ሁኔታዎች ከቦርዱ መግለጫ መከታተል ይኖርባቸዋል።

የአካባቢ ምርጫ ምንድን ነው?

ጠቅላላ ምርጫ የሚባለው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች የሚደረገው ምርጫ ነው። በኦሮሚያ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። የአካባቢ ምርጫ ግን ከክልል በታች ላሉ ምክር ቤቶች አባላትን ለመምረጥ የሚካሄድ ነው።

በኦሮሚያ ክልል የገጠር ነዋሪ የሆነ መራጭ ለቀበሌውና ለወረዳው ምክር ቤት ተወካዮችን ይመርጣል። የከተማ ነዋሪ ደግሞ ለቀበሌውና ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል። በክልሉ ዞን ራሱን የቻለ በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት የለውም። ስለዚህ የምዕራብ አርሲ ዞን አስተዳደር መቀመጫ ሻሸመኔ ቢሆንም፣ የአርሲ ነገሌ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ለራሱ ከተማ ወይም ወረዳና ለሚኖርበት ቀበሌ ነው።

የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ዕቅድና በጀት መርምሮ ያጸድቃል፤ ዋና አስተዳዳሪውን ይመርጣል፤ የአስፈጻሚውንም ሥራ ይቆጣጠራል። የከተማ ምክር ቤትም ከንቲባውን የሚሰይምና የሚቆጣጠር አካል ነው። አንድ ነዋሪ ከንቲባውን ወይም የወረዳውን አስተዳዳሪ በስም መርጦ ድምፅ አይሰጥም። ድምፁን የሚሰጠው ለምክር ቤት አባላት ሲሆን፣ አስተዳዳሪዎቹን የሚሰይሙት እነዚህ አባላት ናቸው።

ቀበሌ በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ጎልቶ የወጣው በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬትንና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የሚመለከቱ አዋጆች ከታወጁ በኋላ ነው። በገጠር የገበሬ ማኅበራት፣ በከተማ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ከ1983 ዓ.ም የሥርዓት ለውጥ በኋላ ቀበሌ ዝቅተኛው የመንግሥት አስተዳደር እርከን ሆኖ ቀጠለ። በዚህ እርከን የሚገኙ ምክር ቤቶች ምርጫ በ1993፣ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም ተካሂዷል።

የ2000 ዓ.ም የአካባቢና የማሟያ ምርጫ ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን ተካሂዷል። የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እንዲጨምር በመደረጉ በመላ አገሪቱ ውድድር የተደረገባቸው መቀመጫዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የ2005 ዓ.ም የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን የተካሄደ ሲሆን፣ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች የምርጫው ሜዳ ምቹ አይደለም በማለት ሳይሳተፉ ቀርተዋል። በሁለቱም ምርጫዎች ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ እጅግ አብዛኛውን መቀመጫ አሸንፏል።

የሚቀጥለው የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም ሊካሄድ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲራዘም ወሰነ። በ2011 ዓ.ም ምክር ቤቱ ምርጫው ከጠቅላላ ምርጫው ጋር እንዲካሄድ በድጋሚ አራዘመው። ይሁንና ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በኦሮሚያ ድምፅ የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ ነበር። በመሆኑም ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም በኋላ 18 ዓመት የሞላቸው የአርሲ ነገሌ ወጣቶች በ2013 ዓ.ም ለፌዴራልና ለክልል ሲመርጡ ለቀበሌያቸው ድምፅ የመስጠት ዕድል ገና አላገኙም ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች የአካባቢ ምርጫ አሠራር አዲስ በመሆኑ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ማን መመዝገብ ይችላል?

በአዋጁ መሠረት በመራጭነት ለመመዝገብ ሦስት ዋና ዋና መስፈርቶችን ማሟላት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዜግነት ነው። ሁለተኛው በምዝገባው ዕለት ዕድሜ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን ነው። ዕድሜው የሚታየው በምዝገባው ዕለት በመሆኑ፣ ከምዝገባ በኋላና ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት 18 ዓመት የሚሞላው ወጣት ለዚያ ምርጫ መመዝገብ አይችልም። ሦስተኛው መስፈርት በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ለ6 ወራት መኖር ነው። የመምረጥ መብቱ በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ የተገደበበት ሰው አይመዘገብም።

ከሦስቱ መስፈርቶች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚያስነሳው የመኖሪያ ጊዜው ነው። ለምሳሌ አንድ ወጣት ከአርሲ ነገሌ ወረዳ ተነስቶ ለሥራ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ አዳማ ቢሄድና እዚያ 4 ወር ቢቆይ፣ በሄደበት ከተማ ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን 6 ወር አላሟላም። መኖሪያውን ሙሉ በሙሉ ያላዛወረና ለሥራ ብቻ የወጣ ከሆነ ምዝገባው ሳያልፍ በቀድሞ መኖሪያው ወደሚገኘው ምርጫ ጣቢያ ቀርቦ ማስረዳት ይችላል። ጊዜውን ከወዲሁ ያልቆጠረ ሰው በሁለቱም ቦታ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። መኖሪያቸውን በየጊዜው የሚቀይሩ የቀን ሠራተኞች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች እና አዲስ ተጋቢዎች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል።

ከመኖሪያቸው ርቀው ለሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች፣ ለመከላከያ ሠራዊት አባላትና ለተፈናቀሉ ዜጎች ሕጉ ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበትን ሁኔታ ያመቻቻል። እነዚህ ወገኖች የት እንደሚመዘገቡ ቦርዱ በየምርጫው ያሳውቃል።

የምዝገባው ቦታና የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች

በ2013 ዓ.ም ምርጫ ምዝገባው የተካሄደው በምርጫ ጣቢያ ነበር። ምርጫ ጣቢያና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት አንድ አይደሉም። ምዝገባውን የሚያከናውኑት በምርጫ ቦርድ የተመደቡ የምርጫ አስፈጻሚዎች እንጂ የቀበሌ ሠራተኞች አይደሉም። ምርጫ ጣቢያዎች በጦር ካምፕ፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በቤተ እምነቶች፣ በሆስፒታልና የአልኮል መጠጥ በሚሸጥባቸው ቤቶች እንዳይቋቋሙ ሕጉ ይከለክላል። መራጩ ወደ ምርጫ ጣቢያ ያለ ፍርሃትና ያለ ተጽዕኖ እንዲመጣ የታሰበ ድንጋጌ ነው።

በ2013 ዓ.ም ምርጫ አንድ ጣቢያ ከ1 ሺህ 500 በላይ መራጮችን እንዳይመዘግብ ተወስኖ ነበር። በመሆኑም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከአንድ በላይ ጣቢያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ጎረቤት የተመዘገበበት ጣቢያ የግድ የራስ ጣቢያ ላይሆን ስለሚችል ትክክለኛውን ቦታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በ2013 ዓ.ም ምርጫ መራጩ በግንባር መቅረብ ነበረበት። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ተወክሎ ሊመዘገብ አይችልም። ለምዝገባ የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ማንነትን ለማረጋገጥ የቀበሌ መታወቂያ ተቀዳሚው ማስረጃ ነው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና የመሳሰሉ ማንነትን የሚያሳዩ ሰነዶችም ያገለግላሉ። የተሟላ ሰነድ ማቅረብ የማይችሉ ነዋሪዎች ደግሞ በአካባቢው ሰዎች ምስክርነት የሚለዩበትን መንገድ ሕጉ ያስቀምጣል። ይህ በተለይ መታወቂያ አውጥተው ለማያውቁ የገጠር እናቶችና አረጋውያን ጠቃሚ ነው። ስለዚህ መታወቂያ የለኝም ብሎ ከቤት ከመቅረት ወደ ጣቢያው ሄዶ አስፈጻሚዎቹን መጠየቅ የተሻለ ነው።

በምዝገባው ወቅት የሚከናወኑ ተግባራት

መራጩ በጣቢያው ሲቀርብ የምርጫ አስፈጻሚው ማስረጃውን ይመለከታል፤ ዕድሜውንና በምርጫ ክልሉ የኖረበትን ጊዜ ይጠይቃል። መስፈርቱን ካሟላ ሙሉ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና አድራሻውን በመራጮች መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መራጩ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ የጣት አሻራውን ያኖራል። በመጨረሻም የመራጮች መታወቂያ ካርድ ይሰጠዋል።

በዚህ ደረጃ መራጩ ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት። አንደኛው በመዝገቡና በካርዱ ላይ የሰፈረው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ነው። በኦሮሚያ የቀበሌ መታወቂያ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ወይም ሰው በቃል ሲናገረው የፊደል ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። በቤት የሚጠሩበት ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም የሚለያይባቸው ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ስሙ በቃል ከሚነገር ይልቅ ከሰነዱ ተገልብጦ እንዲጻፍ መጠየቅ በድምፅ መስጫው ዕለት ሊፈጠር የሚችለውን መጉላላት ያስቀራል። ሁለተኛው የምርጫ ጣቢያው ስምና የመዝገብ ቁጥሩ በካርዱ ላይ በግልጽ መጻፉን ነው።

አንድ ሰው የሚመዘገበው በአንድ ጣቢያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ቦታ መመዝገብ፣ በሌላ ሰው ስም መመዝገብ ወይም የሐሰት መረጃ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በምርጫ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ለይቶ ቅጣት ደንግጎባቸዋል።

ካርዱ የመራጩ የግል ሰነድ በመሆኑ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ለፓርቲ አባል፣ ለቀበሌ ሠራተኛም ሆነ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አይገባም። ካርዱ የጠፋበት ሰው ደግሞ የድምፅ መስጫው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቅ ለተመዘገበበት ጣቢያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ምዝገባውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት ማቆየት ሌላው የሚታይ ችግር ነው። ለ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች ምዝገባ መጋቢት 16 ቀን 2013 ዓ.ም ቢጀመርም፣ በርካታ ጣቢያዎች በወቅቱ ባለመከፈታቸውና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተመዘገበው ሕዝብ አነስተኛ በመሆኑ ቦርዱ ጊዜውን አራዝሟል። በመጨረሻ በመላ አገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ መራጮች ተመዝግበዋል። የምዝገባ ጊዜ ሁልጊዜ ይራዘማል ብሎ መተማመን ግን አያዋጣም። በተለይ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ዳር የማይለዩ አረቄ አውጪ እናቶች፣ በእርሻና በመኸር ሥራ የሚጠመዱ አርሶ አደሮች እና ረጅም መንገድ የሚሄዱ አሽከርካሪዎች በመጀመሪያው አመቺ ቀን ቢመዘገቡ ከኋለኛው ወረፋ ይድናሉ።

መዝገቡን ማየትና ቅሬታ ማቅረብ

ምዝገባው ሲጠናቀቅ የመራጮች መዝገብ ለተወሰኑ ቀናት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ዓላማው ሕዝቡ ራሱ መዝገቡን እንዲያርም ማድረግ ነው። መራጩ ስሙ መኖሩንና በትክክል መጻፉን ያያል። በሕይወት የሌለ፣ አካባቢውን የለቀቀ ወይም ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ስም ካገኘም ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል።

ልመዘገብ ሲገባኝ ተከልክያለሁ የሚል ነዋሪ ወይም መመዝገብ የማይገባው ሰው ተመዝግቧል የሚል መራጭ አቤቱታውን በመጀመሪያ በምርጫ ጣቢያው ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። በውሳኔው ካልረካ ወደ ምርጫ ክልሉ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያም ሥልጣን ወዳለው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የጊዜ ገደቦቹ አጫጭር በመሆናቸው አቤቱታው ችግሩ በታወቀበት ዕለት ቢቀርብ ይመረጣል። አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብና ለተሰጠው መልስም የጽሑፍ ማስረጃ መጠየቅ ለቀጣዩ እርምጃ ይረዳል።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት

በምርጫ ቅስቀሳ ወቅት መራጩ የሚወዳደሩትን ሰዎች ማወቅ ይኖርበታል። በአካባቢ ምርጫ ተወዳዳሪዎቹ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች በመሆናቸው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ገበያው ምን ለማድረግ እንዳሰቡ በግንባር መጠየቅ ይቻላል። መራጩ የሚደግፈውን ተወዳዳሪ ስምና የመወዳደሪያ ምልክት አስቀድሞ ቢያጠና በድምፅ መስጫ ክፍሉ ውስጥ አይቸገርም። ምልክቱ በተለይ ማንበብ ለማይችሉ መራጮች ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ያሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የተከለከለባቸው ናቸው። እነዚህ ቀናት መራጩ ያለ ግፊት እንዲያስብ የተተዉ ናቸው። ድምፅን በገንዘብ፣ በዘይትና በስንዴ ወይም በሌላ ጥቅም መግዛትም ሆነ መሸጥ፣ እንዲሁም ከሥራ ወይም ከእርዳታ ትባረራለህ ብሎ ማስፈራራት በሕግ የተከለከለ ነው። መምረጥ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መብት ነው።

በድምፅ መስጫው ዕለት

በ2013 ዓ.ም ምርጫ ጣቢያዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድምፅ እንዲሰጥባቸው ተወስኖ ነበር። በረጃጅም ሰልፎች ምክንያት ግን ቦርዱ ጊዜውን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሟል። መራጩ በጠዋት ቢገኝ ይመረጣል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት የያዙ እናቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል።

ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለታዛቢዎችና ለተወዳዳሪ ወኪሎች ታይቶ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ድምፅ አሰጣጡ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

አንደኛ፣ መራጩ የመራጭነት ካርዱንና ማንነቱን የሚያሳይ ሰነድ ያቀርባል። አስፈጻሚው በጣቱ ላይ ቀለም አለመኖሩን ይመለከታል፤ ስሙንም በመዝገቡ ላይ ያረጋግጣል።

ሁለተኛ፣ መራጩ በመዝገቡ ላይ በስሙ አንጻር ይፈርማል ወይም አሻራውን ያኖራል። ቀጥሎም ጣቱ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ይደረግለታል። ቀለሙ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ የሚረዳ ነው።

ሦስተኛ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ለሆኑ ምክር ቤቶች ምርጫ የሚካሄድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ምክር ቤት የተለየ ወረቀት ይሰጣል። መራጩ የትኛው ወረቀት ለየትኛው ምክር ቤት እንደሆነና ስንት ተወዳዳሪዎችን መምረጥ እንደሚችል ካልገባው በዚህ ጊዜ መጠየቅ አለበት።

አራተኛ፣ ወደ ምስጢራዊው ድምፅ መስጫ ክፍል ብቻውን ገብቶ በመረጠው ተወዳዳሪ አንጻር ባለው ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ያደርጋል።

አምስተኛ፣ ምልክቱ እንዳይታይ ወረቀቱን አጥፎ ለዚያ ምክር ቤት በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ ከጣቢያው ይወጣል።

ማየት የተሳናቸው ወይም በሌላ ምክንያት ራሳቸው ምልክት ማድረግ የማይችሉ መራጮች የሚያምኑትን ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ። ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ ራሱ ነው። ተወዳዳሪዎችና ወኪሎቻቸው ግን ረዳት መሆን አይችሉም።

ከአንድ በላይ መቀመጫ ሲኖር

በአካባቢ ምርጫ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ምርጫ ክልል የሚመረጠው አንድ ሰው በመሆኑ መራጩ አንድ ምልክት ብቻ ያደርጋል። ለክልል፣ ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤቶች ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካዮች ሊመረጡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ መራጩ ምልክት ማድረግ የሚችለው እስከ መቀመጫዎቹ ቁጥር ድረስ ነው። ለምሳሌ የሚመረጡት 3 ከሆኑ በ4 ተወዳዳሪዎች ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ወረቀቱ ዋጋ ያጣል።

በኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓት የሚያሸንፈው አብላጫ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ነው። ከመራጩ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። መቀመጫዎቹ ብዙ ሲሆኑ በድምፅ ብዛት ቅደም ተከተል ከላይ ያሉት ይመረጣሉ። በቀበሌ ደረጃ የሁለት ተወዳዳሪዎች ልዩነት ጥቂት ድምፅ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአንድ ግቢ የወጡ ሦስትና አራት ሰዎች ድምፅ ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል።

ምልክቱ የማንን ስም እንደሚያመለክት የማይለይ ከሆነ፣ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ከተደረገ ወይም ወረቀቱ በቦርዱ የተዘጋጀ ካልሆነ ድምፁ ዋጋ አልባ ይሆናል። መራጩ የራሱን ስም ወይም ፊርማ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ማስፈር የለበትም። ወረቀቱ ሳይታወቅ ቢበላሽበት ሳጥን ውስጥ ከመክተቱ በፊት ለአስፈጻሚው ማሳወቅ ይኖርበታል።

ቆጠራና ውጤት

ድምፅ የመስጠቱ ሂደት ሲጠናቀቅ ቆጠራው እዚያው በጣቢያው ታዛቢዎችና የተወዳዳሪ ወኪሎች ባሉበት ይከናወናል። ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ይፈረምበታል። የጣቢያው ውጤት ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ነዋሪዎች በበነጋው ወደ ጣቢያቸው ሄደው የሰፈራቸውን ውጤት ማንበብ ይችላሉ። የየጣቢያው ውጤት በምርጫ ክልል ደረጃ ከተደመረ በኋላ ቦርዱ የመጨረሻውን ውጤት ይፋ ያደርጋል።

በድምፅ አሰጣጡ ወይም በቆጠራው ላይ ቅሬታ ያለው አካል እንደ ምዝገባው ሁሉ በየደረጃው ለሚገኙ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴዎችና ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

መራጩ ሊይዘው የሚገባ ማስታወሻ

በአጠቃላይ የአንድ መራጭ ዝግጅት የሚጀምረው ከድምፅ መስጫው ቀን ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው አስቀድሞ ማውጣት፣ መኖሪያ የቀየረ 6 ወሩን መቁጠር፣ ምዝገባው እንደተጀመረ በግንባር ቀርቦ መመዝገብ፣ ስሙ በትክክል መጻፉን ማየት፣ ካርዱን መጠበቅ፣ መዝገቡ ይፋ ሲሆን ሄዶ መመልከት፣ በመጨረሻም ካርዱንና መታወቂያውን ይዞ በተመዘገበበት ጣቢያ መገኘት ይኖርበታል።

ከእነዚህ ውስጥ ጊዜው ካለፈ መልሶ የማይገኘው ምዝገባው ነው። ለቀጣዮቹ 5 ዓመታት ስለ ሰፈሩ ውኃ፣ መንገድና ገበያ የሚወስኑትን ሰዎች ለመምረጥ የሚፈልግ የአርሲ ነገሌ ነዋሪ ቦርዱ የምዝገባውን ቀን ባሳወቀ ጊዜ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡና ለጎረቤቱም ሊያስታውስ ይገባል።